ወንዝ መጽሐፉን የወሰደበት ገጣሚ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? እማማ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ኢስታንቡል ዘንድሮ ብርዷ ከባድ ነው፤ ግን ስራም አለ፣ ጤናም አለ።

ከተጠፋፋን ቆየን። የጋሼን ማረፍ የሰማሁት ከእህትህ ነው። ለእኔም አባት እንደነበሩ ታውቃለህ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እህትህ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ቤት ስትቀይሩ የግጥም ደብተሮችህ ያሉበት ካርቶን ጠፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር አላነሳም አለችኝ። ይሄ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ሰው ልጽፍልህ ተነሳሁ። ማግቲምጉሊ ፒራጊ ይባላል። በመካከለኛው እስያና በሰሜን ኢራን የሚኖሩት የቱርክሜኖች ገጣሚ ነው።

ስሙን የሰማሁት ከስራ ባልደረባዬ ነው። ቱርክሜን ናት። የምንሰራበት የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ካውያ ላይ ትቆማለች። እንፋሎቱ ፊቷን እየሸፈነው፣ ሸሚዝ እያገላበጠች፣ ቀኑን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ምን እንደምትል ጠየቅኳት። «የማግቲምጉሊ ነው» አለችኝ። አያቷ ፊደል አልቆጠሩም ነበር፤ ግጥሞቹን በቃሏ ያስያዟት ግን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት እሷ በቱርክሜንኛ ትልልኛለች፣ በቱርክኛ ታብራራልኛለች፣ እኔም ማታ ማታ ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ።

የተወለደው በፈረንጆቹ 1724 እንደሆነ ይነገራል። መንደሩ ሀጂ ጎቭሻን ይባላል፤ ዛሬ በሰሜን ኢራን ጎለስታን ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው። ከካስፒያን ባህር በስተምስራቅ፣ የኤትሬክና የጎርጋን ወንዞች የሚያልፉበት አገር ነው። ነገዱ ጎክሌን ነው። በዚያ ዘመን ቱርክሜኖች አንድ መንግስት አልነበራቸውም። ከደቡብ የፋርስ ገዢዎች፣ ከሰሜን የሂቫ ከተማ ገዢዎች፣ ካኖቹ፣ መድረሻ ያሳጧቸዋል። እርስ በርሳቸውም ይዘራረፉ ነበር።

አባቱ ዶቭሌትማመት አዛዲ ራሳቸው ሊቅና ገጣሚ ነበሩ። ስለ ፍትሐዊ አገዛዝ በግጥም የጻፉት ስራ አላቸው። ልጃቸውን ፊደል ያስቆጠሩት፣ አረብኛና ፋርስኛ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ልጁ የእጅ ሙያም ነበረው፤ ብር አንጥረኛ ነበር። ከዚያ ቡኻራ ሄዶ ተማረ። ቀጥሎ ሂቫ ከተማ፣ ሽርጋዚ መድረሳ ገባ። ከዚያ ሲወጣ ለትምህርት ቤቱ የስንብት ግጥም ጽፎለታል። «ሶስት ዓመት ጨውህን በላሁ፤ እንግዲህ መሄዴ ነው፤ ደህና ሁን፣ ውቡ ሽርጋዚ» ይለዋል። ለህንጻ እንዲህ የሚል ልብ ያለው ሰው ለአባቱማ ምን እንደሚል አስበው።

አዛዲ የሞቱት በ1760 ነው። ልጃቸው የጻፈላቸውን ሙሾ ባልደረባዬ የነገረችኝ ቀን እኔ ያሰብኩት አንተን ነው። መነሻውን በኔ አማርኛ እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ አንተ ታቃናዋለህ፦

ስልሳ አምስት ሲሞላው፣ ልክ በኖውሩዝ ቀን፣
ሞት መንገድ ላይ ቆሞ ያዘብኝ አባቴን።
የዓለም ነገር እንዲህ ነው፣ ታውቋል ድሮውን፣
ቆረጠች የአባቴን የእድሜ ገመዱን።

ኖውሩዝ የጸደይ አዲስ ዓመታቸው ነው። ሰው ሁሉ በዓል በሚያከብርበት ቀን እሱ አባቱን ቀበረ። የሚገርምህ ግጥሙ ውስጥ ጩኸት የለም። አባቴ ሀብት ላይ ልቡን አልጣለም ይላል። ከአሮጌ ሻል በላይ አልለበሰም ይላል። ቀን ይጾማል፣ ሌሊት አይተኛም ይላል። የአባቱን ልብስ፣ የአባቱን ጾም፣ የአባቱን እንቅልፍ ማጣት አንድ በአንድ ይቆጥራል። አባቱን የሚያውቀው ልጅ ብቻ የሚያየውን ነገር ነው የጻፈው። ጋሼም ያቺን ቡናማ ኮታቸውን ስንት ዓመት ለበሷት?

ሀዘኑ በዚህ አላበቃም። ሜንሊ የምትባል ልጅ ይወድ ነበር፤ ለሌላ ተዳረች። ጥሎሹ ከአቅማቸው በላይ ስለነበር ነው ይላሉ። ወንድሞቹ አብዱላና ማመትሳፋ ሩቅ መንገድ ሄደው በዚያው ቀሩ። ሞቱ ተብሎ አልተለቀሰም፣ ደረሱ ተብሎ አልተቀበሏቸውም። ለሁለቱም ጽፎላቸዋል። በኋላ አግብቶ የወለዳቸው ሁለት ወንዶች ልጆችም በልጅነታቸው ሞቱበት። ፒራጊ የብዕር ስሙ ነው፤ የተለየ፣ የተነጠለ ማለት ነው። ሰውየው በስሙ ኖረ።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። ጠላት ድንገት መንደሩ ላይ ደረሰ። የፋርስ ወታደሮች ነበሩ፤ እሱ ቂዚልባሽ ይላቸዋል። ጓደኞቹን በየአቅጣጫው በተኑበት። መጽሐፎቹ ጠፉ። በአንድ ግጥሙ ጎርፍ መጽሐፌን ወሰደው፣ ዓይኔን በእንባ ትቶልኝ ሄደ ይላል። አምስት ዓመት የለፋበትን መጽሐፍ ጠላት ወስዶ እንዳጠፋው እዚያው ይናገራል። ቱርክሜኖች ሲተርኩት ያ ጎርፍ የኤትሬክ ወንዝ ነበር ይላሉ።

ቆም ብለህ አስበው። ያኔ ኮፒ የለም። ማተሚያ ቤት የለም። ውሃ ከወሰደው ወሰደው ነው። ሰውየው ግን ያንን ጥፋት ራሱን ግጥም አደረገው። መጽሐፉ የሄደበትን ሰው ለቅሶ ዛሬ እኔና አንተ የምናውቀው ጽፎት ስላለፈ ነው።

የቀሩት ግጥሞቹ እንዴት ደረሱን ካልከኝ፣ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ እየገለበጡ የጻፉት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ባግሺዎች ናቸው። ባግሺ ዱታር እየመታ የሚያዜም ሰው ነው። ዱታር ሁለት ክር ብቻ ያለው፣ አንገቱ ረጅም የሆነ መሳሪያ ነው። ሆዱን የሚጠርቡት የሐር ትል ቅጠሉን ከሚበላው የእንጆሪ ዛፍ ነው። ክሩ ደግሞ ድሮ ሐር ነበር፤ አሁን ሽቦ ሆኗል። አንድ ዛፍ ሁለቱንም ሰጠ ማለት ነው። ባግሺው ሰርግ ቤት እግሩን አጥፎ ይቀመጣል፤ ዱታሩን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ድምጹን ከፍ እያደረገ ይሄዳል። ቃሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ከጉሮሮው የሚቆራረጥ ድምጽ ያወጣል። ባልደረባዬ በስልኳ ስታሰማኝ ፀጉሬ ቆመ። በ2021 ዩኔስኮ የዱታር አሰራራቸውንና ሙዚቃቸውን በቅርስነት መዝግቦታል።

ግጥሙ ባግሺ አፍ ውስጥ የገባለት ግን በማግቲምጉሊ በራሱ ምርጫ ነው። የተማረ ሰው በዚያ አገር የሚጽፈው በፋርስኛ ወይም ቻጋታይ በሚባለው የሊቃውንት ቋንቋ ነበር። እሱ ሁለቱንም እያወቀ፣ እረኛውና ምንጣፍ ሸማኔዋ በሚያወሩበት ቱርክሜንኛ ጻፈ። ስንኙ አጭር ነው፤ በአራት በአራት መስመር ይሄዳል፤ የመጨረሻው መስመር እየተመላለሰ ይመታል። ለዚያ ነው ያልተማሩት አያት ለልጅ ልጃቸው በቃል ማስተላለፍ የቻሉት። አንተ ደሴ ስላደግክ ይሄ አይጠፋህም። የወሎ ሼሆች አረብኛውን አሳምረው እያወቁ መንዙማውን በአማርኛ ባይሉት ኖሮ ጎረቤቶቻችን ጫት ላይ ተቀምጠው እንዲያ በአንድ አፍ ይቀበሉት ነበር?

መንፈሳዊነቱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሱፊ፣ የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ፣ ሰው ነው። እጅግ የታወቀ አንድ ግጥም አለው። እኩለ ሌሊት ላይ ተኝቼ ሳለ አራት ፈረሰኞች መጥተው «ተነስ» አሉኝ ብሎ ይጀምራል። ቅዱሳን ወዳሉበት ይወስዱታል፤ ጽዋ ያጠጡታል፤ ከዚያ በኋላ ሲነቃ ምላሱ ተፈቶ ነው። ቱርክሜኖች ግጥሙ ከላይ የተሰጠው ነው ብለው የሚያምኑት በዚህ ነው። ሀንጋሪያዊው ተጓዥ አርሚን ቫምቤሪ በ1863 በአገራቸው ሲያልፍ የማግቲምጉሊን መጽሐፍ እንደ ቅዱስ ነገር ሲያከብሩት አይቶ ጽፏል። ከእሱ በፊት አሌክሳንደር ሆችኮ የሚባል ፖላንዳዊ ሶስት ግጥሞቹን ተርጉሞ በ1842 ለንደን ላይ አሳትሞለታል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ደስ ይልሃል። አባይን ያውቀዋል! ሰውየው ከካስፒያን ዳር ሆኖ ወገኖቹን ሲያስታርቅ የጻፈው ግጥም ነው። ቱርክሜኖች ወገባቸውን አንድ ላይ ቢታጠቁ ቀይ ባህርንም የአባይንም ወንዝ ያደርቁ ነበር ይላል። ቀጥሎ ነገዶቹን በስም ይጠራል፦ ቴኬ፣ ዮሙት፣ ጎክሌን፣ ያዚር፣ አሊሊ። አምስታችንም ለአንድ መንግስት ብናገለግል እያለ። በሌላ ግጥሙ ደግሞ ምግባችን በአንድ ገበታ ቢቀርብ እያለ ይመኛል። ይህን ሲጽፍ ነገዶቹ እየተጋደሉ ነበር። በሕይወቱ አላየውም። እኔ በበኩሌ ይሄንን ግጥም ሳነብ የአገራችን ነገር መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል። ሌላ አልጨምርበትም።

ያረፈው በ1807 ነው ይላሉ። የተቀበረው አክ ቶካይ፣ ከአባቱ ጎን ነው። ኢራን ውስጥ ነው ቦታው፤ በ1999 መካነ መቃብር ተሰርቶለታል። ከድንበሩ ወዲያ ያሉት ቱርክሜኖች በሶቪየት ጊዜ ፊደላቸው ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ከአረብኛው ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ። ነጻነት ሲመጣ እንደገና ወደ ላቲን። አያት የጻፉትን የልጅ ልጅ ማንበብ አይችልም ማለት ነው። የማግቲምጉሊ ግጥም ግን በሁሉም ፊደል አለ፤ ፊደል የሌላቸውም ይዘውታል። ወረቀቱን የተካው የሰው አፍ ነው።

ዛሬ ቱርክሜኒስታን ሰኔ መጨረሻ ላይ በስሙ በዓል ታከብራለች። በ2023 የብራና ስብስቦቹ በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ገቡ። በ2024 ሶስት መቶኛ ዓመቱ ሲከበር ዋና ከተማዋ አሽጋባት ላይ ቁመቱ 60 ሜትር የሆነ የነሐስ ሐውልት አቆሙለት። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ግርማ ሞገስ አለው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ካውያ ላይ የቆመችው ልጅ ናት። ከአገሯ ወጥታ፣ አስራ ምናምን ሰዓት እየሰራች፣ የሞተ ሰው ሙሾ በቃሏ ይዛለች።

ወንድሜ፣ ደብተርህ ጠፋ። ያማል፣ ያማል በጣም። ግን ሁሉም አልጠፋም። ኮሌጅ እያለን ፒያሳ ቁጭ ብለን ያነበብክልኝ፣ ስለ እናትህ የጻፍከው ግጥም እኔ ጋ አለ። ስለ ጦሳ ዝናብ የጻፍከውም አለ። ሁለቱንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ፤ የዚህ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ጽፌልሃለሁ። እህትህም ሌላ አንድ እችላለሁ ብላኛለች፤ ጠይቃት። ለጋሼም ጻፍላቸው። ኮታቸውን ጻፍ፣ ራዲዮናቸውን ጻፍ፣ ማለዳ ሲነሱ የሚሉትን ጻፍ።

የጦሳው ግጥም ሶስተኛ ስንኝ ላይ «ደመና» ነው «ጉም»? ተጠራጥሬ ሁለቱንም ጽፌያቸዋለሁ። አርመህ ላክልኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው ወዳጅ
ከኢስታንቡል