ካሴቶቹን አልጥላቸውም፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አላቋረጠችም። ደሴም እንደምታውቂያት ናት። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል።

የላክሽው ስልክና ስፒከር ደርሶኛል፤ ተባረኪ። ያቺ ስፒከር በመዳፍ የምትያዝ ሆና ድምጿ ሳሎኑን ይሞላዋል። የእህትሽ ልጅ ከስልኩ ጋር አገናኝቶልኝ ማሪቱ ለገሰን ከፈትንባት። አምባሰሉ እንዲያ ጥርት ብሎ ሲመጣ እናትሽ ከወጥ ቤት ወጥታ ቆማ ሰማች።

ግን በስልክ ያልሽኝ ነገር ውስጤ ከረመ። "አባዬ፣ እንግዲህ ያንን የካሴት ሳጥን ጣለው፤ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ" አልሽኝ። አስከትለሽም ፖለቲካ እንደሰለቸሽ፣ ዜና ትተሽ ሙዚቃ ብቻ እንደምትሰሚ ነገርሽኝ። መልሴ ረዘም ስለሚል በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነው።

ካሴቶቹን አልጥላቸውም።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን ነው። ዘፈንም ዜናም በመሣሪያ በኩል ሲመጣ፣ ከመሣሪያው ጀርባ ሁልጊዜ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው እንዳለ አይቻለሁ። ሙዚቃን ከፖለቲካ ለይተሽ ልትሰሚ የምትችዪው ያ ሰው እስከፈቀደልሽ ድረስ ነው።

በልጅነቴ ዘፈን በሸክላ ነበር። በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ ስትገለብጪው ሌላ። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ የአገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ነበር። አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ደፈረና በፈረንጆቹ 1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ውጭ አገር አሳትሞ አስገባ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ። እናንተ ዛሬ ወርቃማው ዘመን የምትሉት ሙዚቃ ብዙው በእሱ ድፍረት የተረፈ ነው። ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ መጣ፤ የማታው ጨዋታ ቀዘቀዘ፤ አምኃም አገር ለቆ ሄደ።

ሸክላ እየቀረ ካሴት የተተካው ያኔ ነው። የእኔም ሥራ የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ካሴትን የወደድኩት ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያባዛው ስለሚችል ነው። ሁለት ቴፕና አንድ ገመድ ካለሽ በቃ። ባለ 60 ደቂቃው ክሩ ወፍራም ነው፤ ይበረክታል። ባለ 120ው ግን ክሩ ስስ ስለሆነ ቴፑ ቶሎ ይበላዋል፤ ደንበኛ ሲያመጣልኝ ገና ከሩቁ አውቀው ነበር። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለነበር ካሴት የምንመልሰው በእስኪብርቶ ነው። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን ለአንድ ማታ ነፍስ እንዘራበት ነበር። የቴፑን ጭንቅላት በአልኮልና በጥጥ ስትጠርጊው፣ ታፍኖ የነበረው ድምፅ እንደገና ጥርት ይላል። ይህን ሁሉ የምነግርሽ ዕቃው የእኛ እንደነበር እንድታዪው ነው። ቢበላሽ እንከፍተዋለን፤ ክሩ ቢበጠስ እንቀጥለዋለን።

የውጭ አገር ጣቢያ የሚያስገባው የሬዲዮው አጭር ሞገድም እንደዚሁ። በደርግ ጊዜ ሬዲዮ ለጥገና የሚያመጣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር፤ "አጭር ሞገዱ ይሠራል?" ለምን ብዬ አልጠይቅም፤ እሱም አይነግረኝም። የጀርመን ድምፅና የአሜሪካ ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያዳምጠው ብዙ ነበር። መንግሥት ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልቀረም። በ2002 ዓ.ም አቅሙ ሲኖር የአሜሪካ ድምፅን ሞገድ ለማፈን እንደሚፈቅዱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ራሳቸው በአደባባይ ተናገሩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሞባይል መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ እንደነበርስ ታስታውሺያለሽ? ያኔ ልጅ ነበርሽ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በሰኔ 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። አንድ ዘፋኝ ተገደለና ዘፈኖቹን እንኳ በስልክ መክፈት የማይቻልበት ጊዜ መጣ። ሙዚቃ ብቻ ልስማ ላለ ሰው ያ ጊዜ ምን መልስ አለው?

የእኛ የደሴዎቹ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ መብራቱም ኔትዎርኩም ተቋረጠ። አንቺ እዚያ ሜሪላንድ ሆነሽ ቀንና ሌሊት ስትደውዪ ስልካችን አይሠራም። በኋላ ስትነግሪኝ አልቅሻለሁ። በእነዚያ ሳምንታት የዓለም ወሬ ወደ ቤታችን የገባው በአሮጌዋ ናሽናል ሬዲዮ ብቻ ነው፤ ያቺን ቡናማ ሽፋን ያላትን ታውቂያታለሽ። ጎረቤት ሁሉ በር ዘግቶ እኛ ሳሎን ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ዜናው ሲያልቅ እናትሽ "ትንሽ ዘፈን ክፈትልን" አለች። ድንጋዩ እንዳያልቅ ፈራሁ፤ ግን ከፈትኩ። ማንም ቃል አልተነፈሰም። ጎረቤታችን ሐጂ እንባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

ከነሐሴ 2015 በኋላም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ወጣቱ ምን አደረገ መሰለሽ? ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ እየገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፈ። እኛ በካሴት ያደረግነውን ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸው ደረሱበት። ኮራሁባቸው።

እዚያ አሜሪካ ይህ አይደርስም ትዪኝ ይሆናል። ግን በመጋቢት 2017 በአንድ የፕሬዚዳንት ፊርማ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ቤታቸው እንዲቀመጡ ተደረገና ያ ስንት ሰው የኖረበት የምሽት ስርጭት ዝም አለ። ከልጅ እስከ አዋቂ በየቤቱ የሚታወቁት ድምፆች አንድ ቀን ነበሩ፣ በማግስቱ የሉም። የሬዲዮውን ዘገባ ሁልጊዜ እስማማበት ነበር ማለቴ አይደለም። ግን በደርግም ጊዜ፣ በኋላም ያልጠፋ ድምፅ የጠፋው አንቺ ከምትኖሪበት ቦታ ብዙ በማይርቅ ቢሮ ነው። ስለዚህ ፖለቲካውን ጨርሰሽ አትተዪው። ሰዎች በዘፋኝ ምርጫ ሳይቀር ሲጣሉ ማየት ያደክማል፤ እኔንም ያደክመኛል። ጭቅጭቁን ተዪው። ማን ምን እየዘጋ እንደሆነ ግን እወቂ።

ስለ ስልኩ አንድ ነገር ልበል። ዕቃው ግሩም ነው። ፎቶው፣ ድምፁ፣ ፍጥነቱ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን በሙያዬ ሳየው ያሳዝነኛል። ጀርባው በማጣበቂያ የተዘጋ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ስልክ ቤት ወስደሽ በሙቀት ማስላቀቅ አለብሽ። አውሮፓውያን ከፈረንጆቹ 2027 ጀምሮ የእጅ ዕቃ ባትሪ በአብዛኛው ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው እንዲችል ሕግ አውጥተዋል። ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ብር ከዶላር ጋር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ እዚህ ስልክ መቀየር ለደመወዝተኛ የማይሞከር ሆኗል። አንድ ሰው የያዘውን አስጠግኖ እንዲኖር መፍቀድ ለእኛ የኑሮ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ ያልሽው ልክ አይደለም። አክስትሽ ጅዳ ሳለች ደብዳቤ የምንላላከው በካሴት ነበር። አያትሽ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ለእሷ ደብዳቤ ማለት ካሴት ነው። አንድ ጊዜ ባዶ ካሴት አጥቼ የተሸጠ የዘፈን ካሴት ወሰድኩ። እንዳይቀረጽበት የተሰበረችውን ጥርስ በወረቀት ወትፌ አያትሽን ቀረጽኳት። መጀመሪያ ታፍራለች፤ "እየሰማችኝ ነው?" ትለኛለች። ከዚያ ሰፈሩን፣ ላሟን፣ ዝናቡን፣ ማን እንዳገባና ማን እንደሞተ ሁሉ ታወራለች። መጨረሻ ላይ ባቲ ታንጎራጉራለች። ስትጨርስ የድሮው ዘፈን ከመሃሉ ይቀጥላል። ካሴቱን ከመላኬ በፊት ገልብጬ አስቀርቼው ነበር። አንቺ አያትሽ ስታርፍ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ድምፅሽ የእሷ ነው።

እንዲህ ያለው ካሴት አንድ ብቻ አይደለም። የእናትሽ ሠርግ አለ፤ አጎትሽ ከዘመቻ የላከው አለ። አንዳንዶቹ ሻጋታ ጀምሯቸዋል። ቶሎ መገልበጥ አለባቸው። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ስለሚፈጅ ጊዜ ይወስዳል፤ እኔ ጊዜ አለኝ። ቴፑ ግን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ ሟሙቶበታል፤ እዚህ መለዋወጫው ጠፍቷል። እዚያ የተለያየ መጠን ያለው በአንድ ላስቲክ ከረጢት ተደርጎ ይሸጣል ብለውኛል፤ ፈልጊልኝ። ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደውን ገመድና ሁለት ሃርድ ዲስክ ጨምሪበት። አንዱ እዚህ ይቀመጣል፣ አንዱን አንቺ ትወስጃለሽ። የምትወጃቸውን ዘፈኖችም ገዝተሽ እዚያው ላይ አስቀምጪ፤ በየወሩ እየከፈልሽ የምትሰሚያቸው ነገ ባይከፈቱም በእጅሽ ይኑሩ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሻለች። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ካለ አስቀድመሽ ንገሪን። ብርዱን ተጠንቀቂ፤ በጊዜ ብይ።

አባትሽ
ከደሴ