እናቴን «እምነት ጎድሏት ነው» ላላችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የመጻጉዕ እሑድ አስቀድሼ ከተመለስኩ ጀምሮ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኛል።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ዓምና በሐምሌ ስትሮክ መታት፤ ቀኝ ጎኗ ሰለለ። ቤታችን ከመኪና መንገድ ሩቅ ነው። የሰፈሩ ወንዶች ከባሕር ዛፍ አጣና ቃሬዛ ሠሩ፣ በራሷ ባና ጠቀለሏትና ለአራት ተሸከሟት። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። አንደኛው ጫማውን ጭቃው ይዞ ቢያስቀርበት ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ በባዶ እግሩ ቀጠለ። እንዲህ አድርገው ነው መኪናው ድረስ ያደረሷት። ከሐኪም ቤት ስትወጣ የግፊት መድኃኒቷን ይዛ ወጣች። በረታ ስትል ደግሞ ጠበል ወሰድናት። «ሁለቱም የእግዜር ነው» ትላለች እማዬ፤ ኪኒኗን አንድ ቀን አቋርጣ አታውቅም።

ሰባት ቀን ተጠመቀች። በሰባተኛው ቀን ከጠበሉ አውጥቼ ጋቢ ሳለብሳት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። አጠገባችን የቆመ ሰው «እምነት ጎድሏት ነው እንጂ ይሄኔ ትነሳ ነበር» አለኝ። እማዬ ሰማች። ዝም አለች። ማታ ሳጎርሳት ግን «እውነት አላምንም ይሆን ልጄ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾም የኖረች ሴት! ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

እኔ መምህር አይደለሁም። ወንጌሉን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። መጻጉዕ 38 ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «አምናለሁ» አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። ቀድሞ የገባ የሚድንበት ውኃ ሲናወጥ የሚያወርደው አጥቶ፣ ሁሌ ሌላው እየቀደመው። ድኖ እንኳ ያዳነው ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ላይ አለ። በቅፍርናሆም ደግሞ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ። በሩ በሰው ተጨናንቆ ማለፊያ ቢያጡ ጣራ ነድለው አወረዱት። ማርቆስ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነታቸውን! እዚህ ላይ ስደርስ የመንዝ ጭቃ ነው የታየኝ።

«እምነትሽ አድኖሻል» ተብሎ የለም ወይ የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ ተብሏል። 12 ዓመት ደም ሲፈሳት ለኖረችው ሴት ነው። ግን የተባለችው ከዳነች በኋላ፣ እየፈራችና እየተንቀጠቀጠች ፊቱ ስትወድቅ ነው። ማጽናኛ እንጂ መውቀሻ አልነበረም። በእምነት ማነስ የተወቀሰ ከፈለጋችሁ ማቴዎስ 17ን ግለጡ። ልጁን መፈወስ ያቃታቸው ደቀ መዛሙርት ናቸው የተወቀሱት። በሽተኛውን ልጅ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። አባትየውም በማርቆስ ላይ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ እያለቀሰ ነው ልጁ የዳነለት።

ሰባኪዎቻችንን፣ ጠበል ቦታ የምታገለግሉ ወንድሞቼንም እለምናችኋለሁ። ያልተነሳን ሰው «እምነትህ የት አለ?» አትበሉት። «ማን ይዞህ መጣ?» በሉት። ከእማዬ አጠገብ አንዲት እናት ነበሩ። ተራቸው ሲደርስ የሚያነሳቸው የለም። ቢጫዋን ጀሪካን አቅፈው፣ የሰው ፊት እያዩ ተቀምጠው ይውላሉ። እኔም ራሴ ስድስት ቀን ሙሉ አልፌያቸዋለሁ። ያ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

እማዬ አሁን ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ወደ ግንባሯ ታነሳና ታማትባለች። ጊዜ ይወስድባታል። እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ።

እኒያን እናት ከትንሣኤ በፊት ይዘናቸው ልንሄድ ነው። እኔ፣ ጎረቤቴና ወንድሟ ነን። መኪናው ከሚያቆምበት እስከ ጠበሉ ቁልቁለት ስለሆነ በቃሬዛ ነው የሚወርዱት። አራተኛ ሰው ገና አላገኘንም።

ልብስ ሰፊዋ፣ ከደብረ ብርሃን