«የጭቃ ክበብ» ዓመቱን እንዲህ አሳለፈ

በመዝገብ ስማችን የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ነው። ግቢ ውስጥ ግን «የጭቃ ክበብ» ነው የምንባለው፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሳይቀር። ይሁን። ችግኝ አልተከሉም እንዳንባል ተክለናል። ዘንድሮ ግን የጉማራን ወንዝ ተከትለን ደለሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ እንይ ብለን ተነሣን።

ስብሰባ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ ላይ ሁለት ጊዜ አቅርበናል። ቃለ ጉባኤው ጸሐፊዋ ጋ አለ።

መስከረም ማብቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ 22 ሆነን ጉማራ ድልድይ ወረድን። ትራንስፖርቱን የከፈሉት ተማሪዎቹ ናቸው። ባዶ ሃይላንድ በገመድ አስረን ከድልድዩ ላይ ውሃ ቀዳን፤ ከዚያ የጎርፍ መከላከያ ክትሩን ይዘን በእግር ወደ ጣና አቅጣጫ። ጫማውን በእጁ ያልያዘ አልነበረም።

መንገድ ላይ ሩዛቸውን የሚያዩ አንድ አባት አገኘን። ደለሉ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ስንላቸው፣ «ለስላሳው ሲመጣ እንመርቃለን፤ አሸዋው ሲመጣ እንራገማለን» አሉ። ከመካከላችን ከጉና ተራራ ሥር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለ። ስንቁን በየሳምንቱ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። «አባባ፣ ከእኛ ማሳ የሄደ እኮ ነው» አላቸው። «የእናንተን አፈር ነዋ የማርሰው! ግብሩን ግን እኔ ነኝ የምከፍል» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ተመልሰን ድልድዩ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ኅዳር ላይ ልጁ አባቱን ይዞ መጣ። ለገበያ ወርደው ነው። መስኮቱ ላይ የደረደርናቸውን ሃይላንዶች አሳያቸው። ከአንድ ወር በላይ ረግቶ፣ ሥሩ ላይ እንደ ወረቀት የሳሳ ደለል የያዘውን አንዱን አንሥተው፣ እኔ «ኧረ!» ሳልል፣ በጥብጠውት አረፉ። ልኬታችን በዚያው ቀረ። ትኩር ብለው አዩትና፣ «ይቺ ምን አላት፤ የሰኔዋን ብታዩ! ሰኔ መሬቱ ታርሶ ራቁቱን ነው» አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ያስተማርኩትን በአንድ አፍ ጨረሱት።

ተማሪዎቹ አፈራችን ሁሉ ሱዳን የሚገባ ይመስላቸው ነበር። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እየተባለ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ! እውነቱን ለመናገር የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭና የግልገል ዓባይ ደለል አብዛኛው ፎገራንና ደምቢያን በመሳሰሉት ሜዳዎችና ጣና ውስጥ ነው የሚቀረው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራውን የሱዳኑን የሮሰይረስ ግድብ ከመጀመሪያ የመያዝ አቅሙ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሞላው ደለል፣ በአመዛኙ ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ በሚቀላቀሉት ወንዞች በኩል የመጣ ነው። የእኛው እዚሁ ነው፤ በእጃችን ነው።

ታዲያ ላይኛው ወረዳ ለብቻው እርከን ይሠራል፤ ታችኛው ለብቻው ክትር ያስረዝማል። በሁለት ክትር መካከል የታጠረ ወንዝ ደግሞ ደለሉን ሆዱ ውስጥ እየጣለ ከፍ ይላል፤ በማግሥቱ ክትሩ አጭር ይሆንበታል። አሸዋ የሚያወጡት ወጣቶች በሌላ በኩል ይቆፍራሉ። ሁሉም የሚነካካው ያንኑ አንድ ደለል ነው። ይህን በካርታ ሠርተን ኮሪደር ላይ ለጥፈነዋል፤ ገና አልተቀደደም።

ያልተሳካም አለ። የካቲት ላይ የእርከን ሥራውን ለማየት ወደ ጉና ልንወጣ ነበር። መኪና ቃል የገባልን መሥሪያ ቤት በዋዜማው ስልክ ማንሣት አቆመ። የላብራቶሪው ሚዛንም ባትሪ አጥቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ስለዚህ ደለሉን የለካነው በማስመሪያ ነው። ለእግር ኳሱ ክበብ ማሊያ መገዛቱ አያስከፋንም፤ ያምርባቸዋል። የሚዛን ባትሪ ግን ከአንድ ማሊያ ይረክሳል።

ሰኔ ላይ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች እንደጣሉ፣ በፈተና መሐል፣ ልጁና ሁለት ጓደኞቹ ሳይነግሩኝ ድልድዩ ድረስ ሄደው ውሃ ቀድተው መጡ። ተቆጥቻቸዋለሁ። ሲረጋ ግን የደለሉ ውፍረት የአንድ ብር ሳንቲም ሁለት ተደራርቦ ያህል ነበር። የልጁ አባት ልክ ነበሩ።

በክረምቱ ልጁ አገሩ ነው፤ ከላይ እሱ ይቀዳል፣ ከድልድዩ እኛ። ለከርሞ ወላጅ መምህር ኅብረቱን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ባትሪውንና ለአንድ ቀን ጉና የሚያወጣን መኪና። ተማሪዎች ደግሞ ባዶ ሃይላንድ አትጣሉ፤ ጂኦግራፊ ክፍል አምጡልን። ከነክዳኑ።