መጋረጃ የሰቀልንበት ዓመት፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ክበብ በ2017 የትምህርት ዘመን እንደ ወትሮው ሁሉ በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓትና በእረፍት ሰዓት ዝግጅቶቹን ሲያቀርብ ቆይቷል። ዜና፣ የፈተና ማስታወቂያ፣ የጤና ምክር፣ ግጥምና አጫጭር ድራማዎች ተደምጠዋል። በኅዳር ወር ከሁለቱ ሞንታርቦዎች አንዱ ተቃጥሎ እስኪጠገን ድረስ በአንዱ ብቻ ስለሠራን፣ ከኳስ ሜዳው ወዲያ የነበሩ ተማሪዎች በደንብ እንዳልሰሙን እናውቃለን፤ ይቅርታም ጠይቀናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዓመቱን መለስ ብዬ ሳስበው ሊነገር የሚገባው፣ በማይክሮፎኑ ፊት የሚቀመጡትን ልጆች የምንመርጥበት መንገድ መለወጡ ነው። ስለዚህ ዘገባዬ በአብዛኛው ስለ እሱ ይሆናል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ምርጫው የሚካሄደው እንዲህ ነበር። ጥቅምት ላይ ማስታወቂያ እንለጥፋለን፤ የተመዘገቡት ተማሪዎች በቤተ መጻሕፍቱ አንደኛው ጥግ ተሰልፈው ተራ በተራ እየቀረቡ አንድ አንቀጽ ያነባሉ፤ እኔና ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነጥብ እንሰጣለን። «ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። በእኛ ምርጫ ግን ዐይን ብቻውን አይቶ ብቻውን ይፈርድ ነበር፤ ጆሮ የሚጠራው ፍርዱን ለማጽደቅ ነው። ዩኒፎርሙ የተተኮሰ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚራመድ፣ ፊት ለፊት እያየን ሰላምታ የሚሰጥ ልጅ ገና ወረቀቱን ሳይቀበል ግማሽ መንገድ ሄዷል። አንገቱን የደፋው ደግሞ «በራሱ አይተማመንም» ይባላል። ልጆቻችንን ታላቅ ፊት ዐይናችሁን ስበሩ ብለን አሳድገን፣ ያንኑ ጨዋነት ድክመት ብለን ነጥብ መቀነሳችን እስከዚህ ዓመት ድረስ አንድም ቀን አልታወሰኝም።

በዘንድሮው የጥቅምት ምርጫ ከቀረቡት መካከል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቤተሰቦቹ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ይኖሩ የነበሩ ሲሆን፣ ሰፈሩ በልማት ምክንያት ሲነሣ ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል። ልጁ ትምህርት ቤቱን መቀየር ስላልፈለገ በየማለዳው አውቶቡስና ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። በዚያን ዕለት ያየሁት በሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመ፣ የሹራቡ እጅጌ ጣቶቹን የሸፈነበት፣ ጫማው ጭቃ የያዘ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያንቀላፋ ሁለት ጊዜ የያዝኩት ልጅ ነው። ሦስት መስመር እንዳነበበ «በቃ፣ እናመሰግናለን» አልኩት። ያንን የነጥብ መዝገብ ከወራት በኋላ አውጥቼ ሳየው ከስሙ ትይዩ «ድምፁ ደካማ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሌሎቹን አንቀጹን እስከ መጨረሻው አስነብቤ እሱን በሦስት መስመር ለምን እንዳቆምኩት የሚገልጽ ምንም ነገር አልጻፍኩም፤ የምጽፈውም አልነበረኝም።

ስህተቴን ያሳየኝ አንድ ዐይነ ስውር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው። በብሬል የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት እንደ ልብ ስለማይገኙ፣ እንደዚህ ያሉ ተማሪዎቻችን የሚያጠኑት በአብዛኛው ዐይናማ ጓደኞቻቸው እያነበቡላቸው ነው። በኅዳር መጨረሻ በምሳ ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍት ስገባ በመደርደሪያዎቹ ጀርባ የታሪክ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰማሁ። አንባቢው አይቸኩልም፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር የት ላይ እንደሚያሳርፈው ያውቃል፤ የማያውቀው የውጭ አገር ስም ሲገጥመው በለሆሳስ አንድ ጊዜ ለራሱ ይለውና ከዚያ አጥርቶ ይደግመዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ያ በሦስት መስመር የሸኘሁት ልጅ ነው። አድማጩን በኋላ ለብቻው አግኝቼ ስለ አነባበቡ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ ብዙ ሰው አንብቦልኛል፤ እሱ ሲያነብ ግን ነጠላ ሰረዙ ይሰማኛል» አለኝ። አከልኩና እሱ ራሱ ለምን ለክበባችን እንዳልተመዘገበ ጠየቅሁት። የመለሰልኝ በአጭሩ ነው፦ «ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ነው የተለጠፈው።»

ሥራው ከድምፅ ሌላ ምንም ያልሆነ ክበብ ድምፁን ለመመዝገቢያ ሳይጠቀምበት ለዐይን ብቻ በሚታይ ወረቀት ሲጠራ መኖሩ እጅግ አሳፈረኝ። ነገሩን ለክበቡ አባላት ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ታኅሣሥንም በሙሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ ስናነብና ስንከራከር ቆየን።

ካነበብናቸው መካከል በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ይገኝበታል። የጦር አዛዦች የበታቾቻቸውን በአካላዊ ቁመና፣ በማስተዋል፣ በአመራር ችሎታና በጠባይ እየለዩ ነጥብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ነጥቦቹ ከሚገባው በላይ ተያይዘው ተገኙ፤ ቁመናው ያማረው አስተዋይም ጥሩ መሪም ተብሎ ተጽፏል። ዊሊስና ቶዶሮቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፊት ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ አይተው ስለ ታማኝነቱና ስለ ብቃቱ ፍርድ ይሰጣሉ፤ ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጣቸው ፍርዳቸው ብዙም አይለወጥም፤ የሚጨምረው በፍርዳቸው ላይ ያላቸው መተማመን ነው። አንዲት አባላችን ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ቃለ መጠይቅ ማስረዘም ምን ይጠቅማል?» ብላ የጠየቀችው ጥያቄ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ስንመላለስበት የቆየ ነው።

በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በብሪታንያ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ የቀረበችውን የስኮትላንዷን ሱዛን ቦይልንም ተመልክተናል። የ47 ዓመቷ ሴት ወደ መድረክ ስትወጣ ተመልካቹ ይስቃል፤ ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ ስትል ካሜራው ዐይናቸውን የሚያጉረጠርጡ ወጣቶችን ያሳያል፤ መዝፈን ስትጀምር ግን አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጣል። አብዛኞቹ ልጆቻችን በደስታ አብረው አጨበጨቡ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን ሳያጨበጭብ ቆይቶ፣ ሰዎቹ የተደነቁት በድምፅዋ ብቻ ሳይሆን እንደዚያ ያለ መልክ ካላት ሴት እንዲህ ያለ ድምፅ በመውጣቱ ነው፤ ይህ አድናቆት ያው ንቀት በሌላ ልብስ አይደለም ወይ ሲል ጠየቀ። እኔም ከልጁ ጋር እስማማለሁ። ደግሞም ሴትዮዋ ድምፅዋ ደኅና የሚባል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ይደርስባት ነበር? እየሳቁ ይሸኟት ነበር። ያልተጠበቀ ሰው ቦታ የሚያገኘው ከሁሉ ልቆ ሲገኝ ብቻ ነው፤ የሚጠበቀው ግን መካከለኛ ሆኖም ያልፋል። የክበባችንን የቀደሙ ዓመታት ምርጫዎች ሳስባቸው ጉዳቱ የደረሰው በዋናነት በእነዚያ ደኅና ሆነው ጥቂት ልምምድ ብቻ በጎደላቸው፣ መልካቸውና አለባበሳቸው ግን ባልረዳቸው ልጆች ላይ ነው።

በዚሁ ወር የአማርኛ መምህሩ ባልደረባዬ ተጋብዘው ስለ ቆሎ ተማሪ ነግረውናል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ የሚለምነውን ልጅ ውሻ ይጮኽበታል፤ ያው ልጅ ግን ሲመሽ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ቁራሹን የሰጠችው እናት የቅኔውን ልክ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። እኛ ግን መምህራን ነን፤ መንገዱ ነበረን።

መፍትሔውን ያገኘነው ከኦርኬስትራዎች ነው። የአሜሪካ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በተለይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ተፈታኝ ሙዚቀኞችን ከመጋረጃ ወዲያ አስቀምጠው ማድመጥ ጀመሩ፤ የጫማ ኮቴ ሴትና ወንድን እንዳይለይ ምንጣፍ የሚያነጥፉም ነበሩ። በአምስቱ ስመ ጥር ኦርኬስትራዎች የሴቶች ድርሻ በ1970 እ.ኤ.አ. ከ5 በመቶ በታች የነበረ ሲሆን፣ በ1997 እ.ኤ.አ. 25 በመቶ ደርሷል። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም አስተዋጽኦ ቢኖራቸውም፣ ጉዳዩን ያጠኑት ክላውዲያ ጎልዲንና ሴሲሊያ ራውዝ ለመጋረጃው ድርሻ ሰጥተውታል።

በየካቲት፣ ሁለተኛው መንፈቅ እንደተጀመረ፣ ምርጫውን እንደገና አካሄድን። ምዝገባው ለአምስት ቀናት በእረፍት ሰዓት በድምፅ ተነገረ። በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ዘርግተን አቡጀዲ ሰቀልንበት፤ ኮቴ እንዳይሰማ ሰሌን አነጠፍን። ተፈታኞቹ በዕጣ ቁጥር ይዘው በጓሮው በር ይገቡ ነበር፤ ስማቸውን የያዘችው ነጥብ የማትሰጥ አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች። ከዳኞቹ አንዱ ያ ዐይነ ስውር ተማሪ ሆነ። ሁሉም አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ማቋረጥ ለማንም አልተፈቀደም።

የመጀመሪያው ቀን እንዳለቀ ነጥቦቹን ስናነጻጽር መጋረጃው ሁሉን እንዳልሸፈነ ተረዳን። ቁጥር 14 የያዘች ተማሪ ከአንደኛው ዳኛ እጅግ ዝቅተኛ ነጥብ አግኝታለች፤ ምክንያቱም «አነጋገሯ የአዲስ አበባ አይደለም» የሚል ነው። በኋላ እንዳወቅነው የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አፋን ኦሮሞ ነው። ድምፅም ለካ መልክ አለው፤ ዐይናችንን ጋርደን በጆሯችን ያንኑ ፍርድ ስንደግም ተገኘን። ስለዚህ በማግስቱ ጥያቄውን ለወጥነው። አምስት ተማሪዎችን በኳስ ሜዳው ዳር ወረቀትና እስክሪፕቶ አስይዘን አስቀመጥንና፣ እያንዳንዱ ተፈታኝ በሞንታርቦው አንድ አንድ ማስታወቂያ እንዲያነብ አደረግን። አድማጮቹ የሚጽፉት ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ነው። የቁጥር 14ን ማስታወቂያ አምስቱም አንድ ሳያጎድሉ ጻፉት፤ ቃላቱን ለይታ፣ ቁጥሩ ላይ ረጋ ብላ ነበር ያነበበችው። ለሁለት ዓመት የክበባችን ኩራት የነበረው፣ የኤፍ ኤም አቅራቢዎችን አነጋገር የሚወደው ተማሪያችን ካነበበው ማስታወቂያ ግን ሁለቱ አድማጮች ሰዓቱን ስተዋል።

ስለዚህ ልጅ አንድ ነገር መጻፍ ግዴታዬ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት «ቸኩለሃል፣ ድገመው» ያለው ሰው አልነበረም፤ ቁመናውን አይተን ስናጨበጭብለት መማር የሚገባውን አስቀረንበት። ውጤቱን ሲያይ አዘነ፤ ሦስት ቀን ያህልም ከስቱዲዮ ጠፋ። ከዚያ ተመልሶ ከቁጥር 14 ጋር ተጣምሮ ሠራ፤ በሰኔ ያቀረበው የፈተና ፕሮግራም ማስታወቂያ ያለ ምንም ስህተት ተሰምቷል።

የዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪ በሁለቱም ቀን ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ሦስት ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ተመርጧል። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ የጠዋቱ ዝግጅት አይመቸውም፤ ለእሱ የምሳ ሰዓቱን ሰጥተነዋል። በግንቦት ስለ አትሌት አበበ ቢቂላ የተዘጋጀውን ፕሮግራም ያነበበው እሱ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ሲቀርብልኝ «አበበ በድህነቱ ምክንያት ጫማ ስላልነበረው በባዶ እግሩ ሮጠ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። አንባቢው ራሱ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ ይህ እውነት ነው?» አለኝ። አብረን ፈለግን። አበበ በኦኒ ኒስካነን የሠለጠነ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው የቀረበለት ጫማ ስላልተስማማውና በባዶ እግሩ ልምምድ ያደርግ ስለነበረ ነው። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ሲያሸንፍ ብዙዎቹ የውጭ ዘጋቢዎች ስሙን እንኳ አያውቁትም ነበር። የእነርሱ ባዶ እግር አይቶ መናቅና የእኛ ባዶ እግር አይቶ ማዘን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ሁለታችንም እግሩን አይተን ታሪኩን ጽፈንለታል። ዓረፍተ ነገሩ ተስተካክሎ ተነበበ።

በዚህ ሥራ ሁሉም መምህራን ከእኔ ጋር አልተስማሙም። አንድ ባልደረባዬ፣ ልጆቹ ነገ ሥራ ሲፈልጉ መጋረጃ የሚሰቅልላቸው ስለሌለ፣ ሰው ፊት መቆምን አሁኑኑ መልመድ አለባቸው ብለውኛል። ሰው ፊት መቆም መለመድ እንዳለበት አምናለሁ፤ ስለዚህም የተመረጡትን ሁሉ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ አቁመናቸዋል። ልዩነታችን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ልምምዱ የሚሰጠው ለተመረጠ ልጅ ስለሆነ፣ በር ላይ የመለስነው ልጅ መቆሙን የሚለምድበት ቦታ የለውም።

አቡጀዲው ታጥቦ፣ ሰሌኑ ተጠቅልሎ በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የ2018 ዓ.ም. ምርጫ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ይካሄዳል። ማስታወቂያው በሰሌዳ ከመለጠፉ በተጨማሪ በእረፍትና በምሳ ሰዓት በድምፅ ይነበባል፤ የምሳ ሰዓቱን የሚያነብበው በሦስት መስመር የሸኘሁት ልጅ ነው።