የእንጨት ፕሮፔለር ጊዜያዊ መላ አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጋዜጣችሁ ከአየር በሚቀል ጋዝ ተሞልተው ስለሚንሳፈፉት ቀደምት አየር መርከቦች የወጣውን ጽሑፍ በጉጉት አነበብኩት። ነገር ግን ጸሐፊው የእንጨት ፕሮፔለርን (እየተሽከረከረ መርከቧን የሚገፋውን ባለ ክንፍ መሣሪያ) ብረት እስኪደርስ ድረስ የተያዘ መላ አድርገው በአንድ ዐረፍተ ነገር ስላለፉት፣ የእንጨት ሥራ መምህር እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ብረቱማ አስቀድሞ ተሞክሯል። የጀርመናዊው ካውንት ዘፔሊን የመጀመሪያ አየር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1900 ከኮንስታንስ ሐይቅ ስትነሣ ፕሮፔለሮቿ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ነበሩ። የፈረንሳይ ጦር ንብረት የነበረችው ሬፑብሊክ የተባለች አየር መርከብም የብረት ፕሮፔለር ነበራት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1909 ሙላን ከተማ አጠገብ ስትበር የአንዱ ፕሮፔለር ክንፍ ተሰብሮ ተወረወረና የሃይድሮጂኑን ከረጢት ቀደደው፤ አራቱም የበረራ አባላት ሞቱ። ፕሮፔለሩ የሚሽከረከረው ከጋዙ ከረጢት አቅራቢያ በመሆኑ የአንድ ክንፍ መሰበር መርከቧን ሁሉ ይጥላል። ብረት ደግሞ በሞተሩ ንዝረት ውስጥ ውስጡን እየደከመ፣ ስንጥቁ ለዓይን ሳይታይ ድንገት ሊሰበር ይችላል። እንጨት ግን ንዝረቱን በራሱ ያበርዳል፤ ቀላል በመሆኑም ሲሽከረከር ክንፉን ከሥሩ ሊነቅል የሚጎትተው ኃይል ያንሳል።

ጥበቡ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ፕሮፔለር ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ ዋልነት ወይም ማሆጋኒ ከሚባሉ ዛፎች የተገኙ ስስ ጣውላዎች በኮላ ተደራርበው ይጣበቃሉ፣ የአንዱ ጣውላ ጠማማነት በሌላው ይታረማል፣ ስንጥቅም ከጣውላ ወደ ጣውላ በቀላሉ አይሻገርም። ከዚያ ባለሙያው ከመሐል እስከ ጫፍ እየተለዋወጠ የሚሄደውን ጥምዝ በእጁ እየላገ ያወጣዋል፤ በመጨረሻም በዘንግ ላይ ሰቅሎ ሚዛኑን ይፈትሻል፣ ለቀለለውም ጎን ቫርኒሽ ይጨምርበታል። በፈረንሳዊው የፕሮፔለር ሠሪ በሉሲየን ሾቪየር እንዲህ የተሠራ የዋልነት ፕሮፔለር ነው በጁላይ 1909 የፈረንሳዊውን አብራሪ የሉዊ ብሌሪዮን አውሮፕላን በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር፣ የእንግሊዝን ቦይ፣ ያሻገረው።

እንጨት ድክመት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። እርጥበት ያብጠዋል፣ የዝናብ ጠብታም ጠርዙን ይበላዋል፤ በዚህ ምክንያት ጠርዙን በናስ ቆርቆሮ ይለብጡት ነበር።

ይህም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1936 በረራ የጀመረችው ግዙፏ የጀርመን አየር መርከብ ሂንደንበርግ፣ ብረትን የመሥራት ዕውቀት በበሰለበት ዘመንና የአሉሚኒየም ቅይጥ አጽም እያላት፣ የተገፋችው ወደ 6 ሜትር በሚጠጋ ስፋት በተሠሩ ባለ አራት ክንፍ የእንጨት ፕሮፔለሮች ነበር። ጽሑፉ ይህን እንዲያካትት ታርሞ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ መምህር፣ የጋዜጣችሁ አንባቢ