ከሆስፒታል ወጥቶ የሚገባበት ቤት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ አእምሮ ሕመም በጋዜጣ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አልጋ ማነስ፣ ስለ መድኃኒት እጥረትና ስለ ባለሙያ ቁጥር ነው። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን ታማሚው ከአማኑኤልም ይውጣ ከሌላ ሆስፒታል፣ የሚገባው ወደ ቤቱ ነው። ስለዚያ ቤት የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ እኛ የአእምሮ ጤና ነርሶች አስታማሚዎች እንዲያውቁልን የምንፈልገውን ልከናል። የምናወራው በተለይ ስለ ስኪዞፍሬኒያ ነው፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና መሠረት የሌለው ጥርጣሬ ስለሚታይበት ከባድ የአእምሮ ሕመም።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 ተመራማሪው ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ የሠሩትን ጥናት አሳትመው ነበር። ታማሚዎቹን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ለ9 ወራት ተከታተሏቸው። ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ስለ ታማሚው ከልክ ያለፈ መጨነቅና ጣልቃ መግባት ወዳለበት ቤት ከተመለሱት መካከል 58 በመቶዎቹ አገረሸባቸው፤ ከሌሎቹ ግን 16 በመቶዎቹ ብቻ። እንዲህ ካለው ዘመድ ጋር በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት መዋል ደግሞ አደጋውን እንደሚጨምር ታየ። ቤተሰብ ሕመሙን ያመጣል ማለት አይደለም፤ እናቶች ይህንን ሲሰሙ ራሳቸውን እንዳይወቅሱ አደራ። ግን እኛ አገር አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እናትና ልጅ 35ቱን ሰዓት በ3 ቀን ይጨርሱታል።

ነቀፋው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። «እኩዮችህ ወልደው ከብደው አንተ እስከ ረፋድ ትተኛለህ!» ልጁ ግን ሰንፎ አይደለም። ተነሳሽነት ማጣት የሕመሙ አካል ነው፤ ላዩ ላይ መድኃኒቱም ያስተኛል። በሌላ በኩል ከልጇ አጠገብ የማትለይ፣ የ30 ዓመት ሰው ሱቅ ድረስ ብቻውን እንዳይሄድ የምትከለክል እናት አለች። የምታደርገው ከፍቅር ነው፤ ሁለቱም ግን ይደክማሉ። ከሁሉ የከፋው «ዝም ካላልክ አማኑኤል እወስድሃለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ነው። ሕክምናን ቅጣት ያደረጉበት ሰው በቀጠሮው ቀን በእግሩ አይሄድም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ አጠገቡ ሆኖ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መጠየቅ። «አልጋህን አንጥፍና ና፣ ቡናው ደርሷል» ይበቃል። ሲያደርገው ያንኑ ጠቅሶ ማመስገን። ሁለት ሰው በአንዴ አይናገረው። «ምግቡ ውስጥ መርዝ ጨምረዋል» ቢል አትሟገቱት፣ እውነት ነው ብላችሁም አትቀበሉት። «እንደዚያ ሲሰማህ ያስፈራል፤ እኔ ግን አላየሁም። ና ከአንድ ሳህን አብረን እንብላ» ማለት ይቻላል። ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከ15 ደቂቃ ይሁን፤ ቡና መቁላት፣ ውሃ መቅዳት፣ ከዚያ ገበያ ድረስ አብሮ መሄድ።

መድኃኒት ላይ ብዙ ቤት ይበላሻል። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የዚህ ሕመም መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ወደ ጎን ሊጠማዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላስ ሊተሳሰር ይችላል። ይህን ያየ ጎረቤት «መንፈሱ ተነሳበት» ይላል። መንፈስ አይደለም፤ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ቢወስዱት መርፌ ይሰጠውና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቀዋል። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረው ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌላው የጎንዮሽ ጉዳት፣ እግሩ አላርፍ ብሎት ሲንጎራደድ የሚያመሸው ነው። ቤተሰብ አገረሸበት ብሎ ክኒን ይጨምርለታል፤ መንጎራደዱም ይብሳል። መጠኑን ባለሙያ ያስተካክለው።

ክኒን በሻይ ወይም በወጥ ደብቆ መስጠት የለመደ ቤትም አለ። ታማሚው አንድ ቀን ሲደርስበት የመርዙ ጥርጣሬ እውነት ሆነለት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከቤቱ ማዕድ አይቀርብም። ክኒን የሰለቸው ሰው ካለ በየ4 ሳምንቱ ገደማ ስለሚሰጠው መርፌ ጠይቁ፤ የየዕለቱን «ዋጥክ? አልዋጥክም?» ጭቅጭቅ ከቤት ያወጣል። ፀበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ለሚጾም ሰው ብዙዎቹ መድኃኒቶች ማታ አንዴ እንዲወሰዱ ሊስተካከሉ ስለሚችሉ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ማማከር ነው። ጫት ግን ከዚህ ሕመም ጋር አይሄድም፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ድምፅ መስማቱንም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ማገርሸት ብዙ ጊዜ በእንቅልፍ ይጀምራል። የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት በደብተር መዝግቡ። 2 ወይም 3 ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ ካጣ፣ መታጠብ ከተወ፣ ከቤተሰቡ ጋር መብላት ካቆመ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ውሰዱት።

ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ግን አይሆንም። መድኃኒቱን አንዱ፣ ቀጠሮውን ሌላው ይያዝ። ዕድርተኛ ለቅሶ ቤት በተራ እንደሚያድር፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት ልጁ ጋር ቢቀመጥ እናቲቱ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሳ ትመጣለች። ሁለቱም ከዚያ ከ35 ሰዓቱ ትንሽ ያርፋሉ።

የቤት ለቤት ድጋፍ እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። ጉራጌ ውስጥ ባለው ሶዶ ወረዳ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ የሰለጠኑ ሰዎች ለ12 ወራት ታማሚና ቤተሰቡን ቤታቸው እየሄዱ ሲደግፉ፣ የታማሚዎቹ የዕለት ተዕለት ኑሮ ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ መሆኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ታትሟል።

ሆስፒታሎቻችንን የምንጠይቀው ቀላል ነው። ታማሚ ሲወጣ አስታማሚውን ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ የማገርሸት ምልክቶቹንና የሚደወልበትን ስልክ በሚያነበው ቋንቋ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር በእጁ ስጡት።

የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ አዲስ አበባ