መድኃኒት አፍራሾቹ ኢንዛይሞች ከእኛ በፊት ነበሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

መድኃኒት ስለተላመዱ ባክቴሪያዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት። አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ አይቃም ማለታችሁ ልክ ነው። ግን መድኃኒቱን የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች የፈጠረው የእኛ አጠቃቀም ነው ማለታችሁን አልቀበልም። ኢንዛይሞቹ ከእኛ በፊት ነበሩ፣ ያውም እጅግ በጣም በፊት።

ቀላሉን ማስረጃ ላስቀድም። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ኤብርሃም እና ኧርነስት ቼይን ፔኒሲሊንን የሚያመክን ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው። እዚያው ኦክስፎርድ ፔኒሲሊን ለሕመምተኛ በመርፌ መሰጠት የጀመረው ግን በ1941! በ2011 ደግሞ ከካናዳ ዩኮን ግዛት በተወሰደ የ30,000 ዓመት የቀዘቀዘ አፈር ውስጥ መድኃኒት የሚቋቋሙ ጂኖች መገኘታቸው ተዘግቧል።

ታዲያ ከየት መጡ? እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ባክቴሪያ የሕዋስ ግድግዳውን የሚገነባባቸው ፕሮቲኖች አሉት። ፔኒሲሊን የግድግዳውን ጥሬ ዕቃ ስለሚመስል ፕሮቲኑ ይሸወድና ይይዘዋል፣ ከያዘው በኋላ መልቀቅ ያቅተዋል፣ ግንባታው ይቆማል፣ ባክቴሪያውም ብዙውን ጊዜ ፈንድቶ ይሞታል። ፔኒሲሊንንና ዘመዶቹን ከሚያፈርሱት፣ ቤታ ላክታሜዝ ከሚባሉት ኢንዛይሞች ትልቁ ጎራ የዚሁ የሚሸወደው ፕሮቲን ዘመድ ነው። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ ፔኒሲሊኑንም የሚይዙት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ኢንዛይሙ ግን እንደያዘ አይቀርም፤ በውኃ ሞለኪውል አላቆ ይጥለውና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፈጣኖቹ በሰከንድ ሺህ ገደማ ያፈርሳሉ። የዘር ሐረጋቸውን ያሰሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያደርሱታል። (በዚንክ የሚሠሩት ሌሎቹ ቤታ ላክታሜዞች ከዚህ ቤተሰብ አይደሉም፣ በራሳቸው መንገድ ነው እዚህ የደረሱት።)

እኛ ከደሙ ንጹሕ ነን እያልኩ አይደለም። ሲቲኤክስ-ኤም የሚባሉትን ቤታ ላክታሜዞች እዩ። መነሻቸው ክሉይቬራ የተባለ፣ ሰውን እምብዛም የማያሳምም ባክቴሪያ ነው። ጂኑ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው በምትተላለፍ ፕላዝሚድ (ትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ) ላይ ተሳፈረ፤ እኛ ደግሞ መድኃኒቱን በገፍ ስንረጭ ጂኑ የሌላቸው አለቁ፣ ያላቸው ዓለምን አዳረሱ። ጥፋታችን እዚህ ጋ ነው፣ በማሰራጨቱ።

ይሄን ካልለየን አዲስ መድኃኒት ሲገኝ ተገላገልን ብለን እንቀመጣለን። የአዲሱም ማፍረሻ የሆነ አፈር ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ፍለጋው ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት መጀመር አለበት። ደግሞ አፈር የሚሰጠን ጠላት ብቻ አይደለም። ከአሞክሲሲሊን ጋር የሚሰጠው ክላቩላኒክ አሲድ የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው፣ ሥራውም ቤታ ላክታሜዝን ማሰር ነው። በሚቀጥለው ስለ እሱ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ